ማን ነካው?

አኮ ወደብ፤ ንጋቱ ገና ግንቡን አልወጣም።
ጀልባው ከድንጋዩ በሁለት ገመድ ታስሯል፣
አርባ ፈረስ ጉልበት ከኋላው ተሰቅሏል፣
ሙንዚር እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል።

«ትናንት ማታ» አለኝ፣ «እኔ ከፊት መረብ ስስብ፣
ቀስ ብሎ እያጉረመረመ ሳለ
ጮኸ። ተርብ እንደ ነደፈው በሬ ዘለለ።
አለቱ ከዚህ እስከዚያ ነበር፤ የቀረን ስንዝር።»
አገጩን ወደ ልጁ ቀሰረ፦
«ከኋላ እሱ ነበር። እሱ ነው የነካው።»

ራኢፍ ከመሪው ርቆ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጧል።
«አልነካሁም» አለ።
ሁለተኛ አላለም።

ከሙንዚር ጋር የምንግባባው በዕብራይስጥ ነው፤
ለእሱ የጎረቤት፣ ለኔ የስተርጅና።
ዕቃውን ግን በልቤ የምጠራው
ጎንደር ጋራዥ በለመድሁት ስም ነው፦
ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጓርኒሲዮን፤
እነዚያም የጣልያን ውሰት ናቸው፣
ብሎን ግን የማን ቋንቋ እንደ ፈታው አይጠይቅም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ፤
ይኼ አርባ ሆኖ ሊዋጋ ተነሥቷል።
መጀመሪያ ልጓሙን አየሁ፦
የጋዙን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስሁ፤
ጨው አልበላውም፣ ስለቀው ይመለሳል።
የነዳጁ ጋን መተንፈሻው ክፍት ነው።
የጎማ ፓምፑን ጨበጥሁት፤ እንደ ጥሬ ሎሚ ጠነከረ።
ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ክር የለም።
ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ የላይኛው ቡናማ፣
የታችኛው ነጭ፣
እንደ ጾመኛ ከንፈር።

እዚህ ላይ ዝም አልሁ።
ሰው ሞተር የሚጮኸው ሲጠግብ ይመስለዋል።
አይደለም።
ቤንዚኑ ሲያንስ፣ ነፋስ በማይገባበት ሲገባ፣
ያኔ ነው የሚንጨረጨረው፣
የጠገበማ ያጉረመርማል እንጂ።

«አስነሣው» አልሁ፤ ልጁን፣ አባቱን አይደለም።
ቀዩን የማጥፊያ ገመድ ሳይነገረው አንጓው ላይ አሰረ።
«ትናንት ማን አጠፋው?» ብዬ ጠየቅሁ።
ሙንዚር ወደ ግንቡ ዞረ።
«እኔ» አለ ልጁ፣ «ገመዱን መዘዝሁት።»

ጠበቅን። ቀዝቃዛ ሞተር ጨዋ ነው፣
የሆዱን የሚያወጣው ሲግል ነው።
የዳቦ መኪና በበሩ ገባ፣ ወጣ።
ከዚያ ድምፁ ብቻውን ሽቅብ!
ገመዶቹ ተወጠሩ። መሪው ላይ ማንም የለም።
የራኢፍ ሁለት እጆች ጉልበቱ ላይ ናቸው፤
አባቱ እጆቹን ያያል፣
እጆቹን ብቻ።

በጠርሙስ የሳሙና ውሃ ነበረኝ።
ካርብሬተሩ ከሞተሩ በሚጋጠምበት ረጨሁ፤
ከላይ፣ ምንም። ከግራ፣ ምንም።
ከታች፣ ዓይን በማይደርስበት፣
ውሃውን ጠጣና ጩኸቱ ወረደ።
ደገምሁት፤ ደግሞ ወረደ።

አጥፍቼ ጓርኒሲዮኑን አወጣሁ፤ ወረቀት የሚያህል ነገር፣
አንድ ጥጉ በጸጉር ልክ ተሰንጥቋል።
«ይኼ ነው የነካው» ብዬ
ሙንዚር መዳፍ ላይ አኖርሁለት።
ብዙ ቆየ እንደ ያዘው።

ልናገር ብዬ ተውሁት እንጂ
እኔም አንድ ሌሊት ሬዲዮ ተሰብሮ
«ማን ነካው?» ብዬ ያልነካ እጅ ገርፌአለሁ።
ልጄ አሁን ቤር ሼባ ነው። ይደውላል።
የአየሩን ሁኔታ ይነግረኛል።

አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጬ ገጠምሁ፣
ሁለቱን ብሎን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት፤
አንዱ ቀድሞ ከጠበቀ ሌላው ይተነፍሳል።
ተነሣ። ጋለ። ማጉረምረሙ ላይ ቆየ።

ሙንዚር ይቅርታ አላለም።
መረቡን ተሸክሞ ከፊት ሄዶ ተቀመጠ፣
ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ።
ራኢፍ ባዶውን ቦታ አየ፣ እኔን አየ፣
ቀዩ ገመድ ገና አንጓው ላይ ነበር።
መሪውን ያዘ።

ሁለቱን ገመድ እኔ ፈታሁላቸው።